«የባስከርቪሎች ውሻ»ን በቡድን ማንበብ፦ የት ላይ ይቆማል?

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን ለብቻው የሚያነብ ሰው የሚያስቆመው የለም። ምዕራፉ ሲያልቅ እጁ ቀጣዩን ገጽ ገልጦ ይገኛል፤ ጥያቄው በቅጡ ሳይብላላ መልሱ ይመጣል። በቡድን ሲነበብ ግን መጽሐፉ ከስብሰባ እስከ ስብሰባ ተከድኖ ይቆያል፤ ሰው ፍንጭ ማገላበጥ የሚጀምረውም በዚያ መሀል ነው። እንዲህ ዓይነት ቡድን የሚያምረውም የሚፈርሰውም በማቆሚያው ቦታ ነው። ማቆሚያው በደንብ ከተመረጠ ውይይቱ ራሱን ይመራል። በተሳሳተ ቦታ ከቆመ ግን የቱንም ያህል ጥሩ የመወያያ ጥያቄ ብታዘጋጁ አያድነውም።

ነገሩን በአንድ መጽሐፍ ላሳይ፤ በአርተር ኮናን ዶይል «የባስከርቪሎች ውሻ»። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰባሰብ ቡድን ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ብዬ አምናለሁ። ያለው 15 ምዕራፍ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛው ወደ 60 ሺህ ቃላት ገደማ ስለሆነ ድምፅን ከፍ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። የቅጂ መብቱ ዘመን ስላለፈ እንግሊዝኛው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይይዛል ማለት ነው። ማንበቡ በእንግሊዝኛ፣ ውይይቱ በአማርኛ ቢሆን ምንም የሚጎድል ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ታሪክ ከመነሻው እየተቆረጠ እንዲነበብ የተጻፈ ነው። ስትራንድ በተባለው የለንደን መጽሔት ላይ ከኦገስት 1901 እስከ ኤፕሪል 1902 (እ.ኤ.አ.) በዘጠኝ ክፍል ወጣ። ደራሲው መርማሪውን ሼርሎክ ሆልምስን በ1893 መጨረሻ ላይ በሌላ ታሪክ ገድሎት ነበር፤ ይሄኛው ከዚያ ሞት በፊት እንደተፈጸመ ተደርጎ ነው የተተረከው። ስምንት ዓመት ገደማ ሆልምስን ያጡት አንባቢዎች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመድረስ አንድ ወር ይጠብቁ ነበር። የንባብ ቡድን የሚያደርገው ያንን ጥበቃ መመለስ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ገና አልጀመረው ይሆናል። ስለዚህ የወንጀለኛው ስም እዚህ አይነሳም፤ ወደ እሱ በቀጥታ የሚወስዱትን ፍንጮችም አልፈታም።

ሰዉ፣ ሰዓቱና መዝገቡ

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ጥሩ ነው። ከአምስት ካነሰ ሁለት ሰው የቀረ ዕለት ጨዋታው ይሞታል፤ ከአሥር ከበለጠ ደግሞ ሦስቱ ያወራሉ፣ ሌላው ያዳምጣል። መጽሐፉን ቀድሞ ያነበበ ሰው ካለ አታርቁት፤ መዝገብ ያዥ አድርጉት። መዝገብ ያዥ ግምት አይሰጥም፣ የሌላውን ግምት አያደንቅም፣ አያጣጥልም፤ ሰው የተናገረውን ብቻ ይጽፋል። ያነበቡት ሁለት ከሆኑ ፊት ለፊት አይቀመጡ፤ አንድ ስም ሲነሳ መተያየታቸው ብቻ ምስጢሩን ያወጣዋል።

አንድ ስብሰባ 90 ደቂቃ ይበቃዋል። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ያለፈውን መዝገብ ለማንበብ፣ አንድ ሰዓቱ ለውይይት፣ የመጨረሻው 15 ደቂቃ የቀጣዩን ምዕራፍ መግቢያ ድምፅን ከፍ አድርጎ ለማንበብ ይዋል። ይህችን የመጨረሻ ንባብ አትዝለሏት፤ ቤቱ ገብቶ መጽሐፉን ሳይከፍት የሚከርመውን ሰው ቁጥር በጣም ትቀንሳለች። አባላቱ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ተበትነው በኢንተርኔት የሚገናኙ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ለሁለቱም ይመቻል፤ ዋሽንግተን ላይ በብርዱ ወራት ልክ ቀትር ነው፣ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት ደግሞ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ይሆናል። መልእክቱ ላይ የእኛንም የፈረንጁንም አቆጣጠር ጻፉ። «2 ሰዓት» ብቻ ከተባለ ግማሹ ሰው በሌላ ሰዓት ይገባል።

መዝገቡ ተራ ደብተር ይሁን፤ አምስት ረድፍ ይሰመርበት። ምዕራፉ፣ የታየው ነገር፣ ማን እንዳየው፣ ማን ምን ብሎ እንደተረጎመው፣ ሳይመለስ የቀረው ጥያቄ። ሁለተኛውና አራተኛው ረድፍ እንዳይደባለቁ ተጠንቀቁ፤ በምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ አንባቢ የሚታለለው አብዛኛውን ጊዜ የሰውን ትርጓሜ እንደታየ ነገር ሲቆጥር ነው። ከመዝገቡ ምንም ነገር አይሰረዝ። የተሻረ ነገር ሲገኝ በአንድ መስመር ይመታና የሻረው ምዕራፍ ቁጥር ጎኑ ላይ ይጻፋል። ለምን እንደሚያስፈልግ ምሳሌው መጽሐፉ ውስጥ አለ። ምዕራፍ 5 ላይ ሆልምስ የባስከርቪል ቤት አሽከር የሆነው ባሪሞር በዚያ ሰዓት ለንደን ይሁን ቤቱ ባለበት በዴቮንሺር ለማወቅ ለእሱ ቴሌግራም ያስልካል፤ በገዛ እጁ ካልተቀበለው እንዲመለስ ይታዘዛል። በዚያው ምዕራፍ ባሪሞር እዚያው ቤት እንዳለ የሚገልጽ መልስ ይመጣል። የቸኮለ ቡድን እዚህ ላይ ባሪሞርን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ምዕራፍ 7 ላይ ግን የሆልምስ ጓደኛና የታሪኩ ተራኪ ዶክተር ዋትሰን ፖስታ ቤት ሄዶ ሲጠይቅ ቴሌግራሙ የተሰጠው ለሚስቱ እንደነበር ይሰማል። ይህ ባሪሞርን ወንጀለኛ አያደርገውም፤ ማስረጃ የተባለው ነገር ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ግን ያሳያል።

ስድስት ስብሰባ፣ አንድ አደገኛ ቦታ

አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን፦ አንደኛው ስብሰባ ምዕራፍ 1 እና 2፣ ሁለተኛው ከ3 እስከ 5፣ ሦስተኛው ከ6 እስከ 8፣ አራተኛው ከ9 እስከ 11፣ አምስተኛው ከ12 እስከ 14፣ ስድስተኛው ምዕራፍ 15 ብቻውን።

እያንዳንዱ ማቆሚያ ምክንያት አለው። ምዕራፍ 2 የሚዘጋው ጉዳዩን ለሆልምስ ያመጣው ዶክተር ሞርቲመር ከሰር ቻርልስ ባስከርቪል አስከሬን አቅራቢያ ስለታየው የእግር ዱካ በሹክሹክታ በሚናገራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ እንኳ መጨመር ያበላሻታል። ምዕራፍ 5 ሲያልቅ ለንደን ያልቃል። ምዕራፍ 8 ዋትሰን በሌሊት በቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አይቶ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያበቃል። ምዕራፍ 11 ደግሞ በድንጋይ ጎጆ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ ሰው ከደጅ ድምፅ ሲሰማ ይቆማል።

አደገኛው ቦታ ይሄ የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው የወንጀለኛው ስም የሚወጣው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው ብሎ ይገምታል። በዚህ መጽሐፍ ግን ስሙ ምዕራፍ 12 ላይ በግልጽ ይነገራል፤ ቀሪው ታሪክ ሰውየው እንዴት ይያዛል፣ ማስረጃውስ እንዴት ይሟላል የሚል ነው። አከፋፈሉን እኩል ለማድረግ ብላችሁ ከ10 እስከ 12 በአንድ ስብሰባ ከመደባችሁ፣ ሰዎች ተሰብስበው ሊገምቱ ሲመጡ መልሱን ይዘውት ይመጣሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ግምት ተጽፎ በፖስታ የሚሰበሰበው በአራተኛው ስብሰባ መጨረሻ ነው፤ አይዘገይም። ሰዎቹም በግልጽ ይነገራቸው፦ ከምዕራፍ 11 በኋላ ፖስታው ሳይታሸግ አንድ መስመር አይነበብ።

ቀድሞ የሚያነብ ሰው በየቡድኑ አለ። መከልከል አይሠራም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብን መፍቀድ ግን ይሠራል። መቆየት ያቃተው ሰው ያለፉትን ምዕራፎች ደግሞ ያንብብና የተዘለለ ነገር ካለ መዝገቡ ላይ ያስመዝግብ። ሌላው የምስጢር መውጫ የመጽሐፉ ዳርቻ ነው። በምሁራን መግቢያና በግርጌ ማስታወሻ የታጀቡ እትሞች አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻውን መግቢያው ላይ ይናገራሉ፤ ያለ መግቢያ ያለው ተራ ጽሑፍ ይሻላል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ፊልም ስለሆነም ስለ መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ እስከ ስድስተኛው ስብሰባ ድረስ ይቆይ፤ የፍለጋው ውጤት ገና ሳይከፈት የተዋናዮቹን ሚና ያሳያል። በቴሌግራም የምትወያዩ ከሆነ ግምት የያዘውን ዓረፍተ ነገር በስፖይለር መሸፈን ይቻላል፤ የፈለገ ብቻ ነክቶ ያየዋል።

ከዘራው

አንደኛው ስብሰባ ላይ ምዕራፍ 1 በጋራ፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። እንግዳ ሰው ሆልምስን ሊያገኝ መጥቶ ሲያጣው ከዘራውን ረስቶ ሄዷል። ወፍራም ነው፣ ራሱ ድቡልቡል፣ ከራሱ ሥር አንድ ኢንች ሊሞላ ጥቂት የቀረው የብር ቀለበት አለው። በላዩ ላይ ለጄምስ ሞርቲመር ከሲ.ሲ.ኤች. ወዳጆቹ የሚል ጽሑፍና 1884 የሚል ዓመት ተቀርጿል። ሆልምስ ዋትሰንን «ከዘራውን አይተህ ሰውየውን ግለጽልኝ» እንዳለው አቁሙ። ለአሥር ደቂቃ ሁሉም የራሱን በወረቀት ይጻፍ፤ ከዚያ ንባቡ ይቀጥል።

ዋትሰን ሰውየው በዕድሜ የገፋ፣ የተከበረ የገጠር ሐኪም ነው ይላል፤ የከዘራው የብረት ጫፍ በጣም ስላለቀ በእግሩ ብዙ እንደሚሄድም ያክላል። ሆልምስ ደግሞ ሲ.ሲ.ኤች. የቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ምሕጻር እንደሆነ፣ ሰውየው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ዝንጉ እንደሆነና ውሻ እንዳለው ይናገራል፤ የውሻው ጥርስ ከዘራው ላይ ይታያል። ሞርቲመር ራሱ ሲመጣ ግን ሆልምስም አንድ ነገር እንደሳተ ይታወቃል፤ ስጦታው ሐኪሙ ከሆስፒታሉ ሲለቅ ሳይሆን ሲያገባ የተሰጠው ነው።

እዚህ ላይ ቡድኑ ሁለት ነገር ያስመዝግብ። አንደኛው፣ ዋትሰን ግማሹን አግኝቷል፤ የገጠር ሐኪምነቱም በእግር መሄዱም ልክ ነው። ሆልምስም የዋትሰን ስህተት ወደ እውነቱ እንደሚመራው በግልጽ ይነግረዋል። የተሳሳተ ግምት የሚከበርበት ቡድን ብዙ ግምት ያገኛል፤ የሚሳቅበት ቡድን ደግሞ በሦስተኛው ስብሰባ ዝም ይላል። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል፤ ገጹን መልሳችሁ ብታዩት ስለ ጥርሱ ምልክት ሆልምስ እስኪናገር ድረስ የተጻፈ ነገር የለም። የምናየው ዋትሰን ያየውን ብቻ ነው። ዋትሰን ያለፈውን እኛም አልፈነዋል። ይህ መጽሐፉ ከፍንጭ ጋር የሚሠራበት ሕግ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተቀምጧል።

ምዕራፍ 2 በ1742 የተጻፈ ሰነድ ስላለው የአንድ ሰው ጥሩ ድምፅ ይፈልጋል። ባስከርቪል የሚባሉ ብዙ ስለሆኑ ስማቸው ከአሁኑ ይለይ፦ ሁጎ የአፈ ታሪኩ ሰው፣ ሰር ቻርልስ ግንቦት ውስጥ የሞተው፣ ሰር ሄንሪ ከባሕር ማዶ የመጣው ወራሽ። ምዕራፍ 3 ላይ ሞርቲመር ስለ ቤተሰቡ ሲናገር ደግሞ የዘር ሐረጉን አንድም ሰው ሳትዘሉ ሳሉት።

ክርና መቀስ

ሁለተኛው ስብሰባ ከሁሉም ሀብታም ነው፤ ሁለት ሰዓት ቢወስድ አይከፋም። ሁለት ሥራ በእጅ ይሠራበታል።

መጀመሪያ ሰር ቻርልስ የሞተበትን መንገድ ወለል ላይ አስምሩ። ምዕራፍ 3 ላይ ሆልምስ ሞርቲመርን በጥያቄ ሲያፋጥጠው ልኩ ሁሉ ይወጣል። መሀል መንገዱ 8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ40 ገደማ ስፋት አለው። ግራና ቀኝ 6 6 ጫማ የሣር ንጣፍ፣ ከዚያ ቁመቱ 12 ጫማ የሆነ ሰው ዘልቆ የማያልፈው የዛፍ አጥር። ጠቅላላው ወርድ 20 ጫማ ወይም ስድስት ሜትር ይመጣል፤ ሰፊ ሳሎን ወይም ግቢ ይይዘዋል። በአንድ ጎን ወደ ገላጣው ምድር የሚያስወጣ፣ አራት ጫማ ያህል ከፍታ ያለው ቁልፍ የገባበት አጭር በር አለ። ዱካው ከአስከሬኑ 20 ያርድ፣ 18 ሜትር ገደማ ርቆ ነው የታየው፤ ይህን ሳሎን አይችለውምና መንገድ ዳር ወጥታችሁ በእርምጃ ለኩት። ክሩን ዘርግታችሁ አንድ ሰው በሩ ጋ ይቁም፣ ሌላው አስከሬኑ የወደቀበት ጋ። «ሌሎች ሰዎች ዱካውን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» የሚለው ጥያቄ ቁጭ ተብሎ ሲነገር እንግዳ ይመስላል፤ 18 ሜትሩን ቆሞ ያየ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል።

በዚሁ ምዕራፍ ሁለት ፍንጭ ጎን ለጎን አለ። የሲጋሩ አመድ ሁለት ጊዜ ረግፏል፤ ስለዚህ ሰር ቻርልስ በሩ ጋ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆሟል። በሩን ካለፈ በኋላ ደግሞ የጫማው ዱካ ተለውጧል፤ ምርመራው ላይ በጣቱ ጫፍ እንደሄደ ተተርጉሞ ነበር፣ ሆልምስ ግን ይሮጥ ነበር ይላል። የመዝገቡን ሁለተኛና አራተኛ ረድፍ መለየት የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። የታየው የዱካው ፊተኛ ክፍል ብቻ ነው። በጣት ጫፍ መሄድም መሮጥም ትርጓሜ ነው።

ሁለተኛው የእጅ ሥራ ደብዳቤው ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ለሰር ሄንሪ ወደ ሆቴሉ የመጣችው ማስጠንቀቂያ ከታይምስ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ በተቆረጡ ቃላት የተለጠፈች ናት፤ አንድ ቃል ብቻ፣ የዚያን ገላጣ ምድር ስም የሚጠራው፣ በቀለም ተጽፏል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የጋዜጣ ገጽ፣ የጥፍር መቀስና ሙጫ ስጡ፤ አዲስ ዘመንም ይሁን ሌላ ለውጥ የለውም። ከአንድ ጽሑፍ ብቻ እየቆረጠ፣ አሥር ቃል ያህል ያላት ማስጠንቀቂያ በአሥር ደቂቃ ይሥራ። ሲጨርሱ ሆልምስ ያለው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። የጥፍር መቀስ ምላጩ አጭር ስለሆነ ረዘም ያለው ቁራጭ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ጠርዙ ላይ መገጣጠሚያው ይታያል። ጊዜ ያጠረው ሰው የለጠፋቸው ቃላት ከመስመር ይወጣሉ። እያንዳንዱ ሰውም ቢያንስ አንድ ቃል ጽሑፉ ውስጥ አጥቶ በእጁ ይጽፋል፤ የሚጠፋውም የተለመደው ቃል ሳይሆን ልዩ የሆነው፣ ለመልእክቱም ዋናው ነው። አድራሻው ላይ ደግሞ ብዕሩ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀለም ረጭቷል፣ በዚያች አጭር አድራሻ ላይም ሦስት ጊዜ ደርቋል። የግል ብዕርና የቀለም ዕቃ እንዲህ እስኪሆን አይተውም፤ የሆቴል ግን ይተዋል። ሆልምስ የተቆረጠውን የጋዜጣ ገጽ ፍለጋ አንድ ልጅ ወደ 23 ሆቴሎች የሚልከው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ሆልምስ እዚህ ላይ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ተድበስብሶ እንዳያልፍ። ደብዳቤው የተሠራው በችኮላ ከሆነ ለምን? እስከ ማለዳ የተላከ ደብዳቤ ሁሉ ሰር ሄንሪ ሳይወጣ ይደርሰው ነበርና። ጸሐፊው ሰው እንዳይደርስበት ፈርቶ ከሆነስ፣ ማንን? መልስ አትፈልጉ፤ ጥያቄውን አምስተኛው ረድፍ ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ተዉት።

ቀጥሎ ጫማዎቹ። ሰር ሄንሪ መጀመሪያ የጠፋበት አዲስ ቡናማ ጫማ ነው፤ እግሩ ገብቶ አያውቅም፣ ቀለም እንዲቀባ ደጅ ያስቀመጠው ነው። ቀጥሎ የጠፋው አሮጌ ጥቁር ጫማ ነው። ከዚያ አዲሱ ተገኘ፣ አሮጌው ግን ቀረ። በሁለቱም ጊዜ የጠፋው አንድ እግር ብቻ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ቀልድ ያልፈዋል፤ ሰር ሄንሪም ራሱ መጀመሪያ ላይ እንደ ሆቴል ዝርክርክነት ያየዋል። መዝገብ ያዡ «ጫማ ጠፋ» ብሎ በደፈናው እንዳይጽፍ። ቀለሙ፣ አዲስነቱ፣ መለበስ አለመለበሱ፣ የጠፋበት ቅደም ተከተል ይጻፍ። ቡድኑ በጫማዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ለአምስት ደቂቃ ይዘርዝር።

ምዕራፍ 5 ርዕሱ ሦስት የተበጠሱ ክሮችን ይጠራል፦ ቴሌግራሙ፣ ሆቴሎቹና ባለሠረገላው። ስብሰባውን በእነዚህ ዝጉ። እያንዳንዱ ክር ሲበጠስ ምን እንደተረፈ ሁለት ሁለት መስመር ይጻፍ፤ ባለሠረገላው ስለ ተሳፋሪው የሚናገረው በተለይ ቃል በቃል ይመዝገብ።

ገላጣው ምድር

ሦስተኛውና አራተኛው ስብሰባ ዳርትሙር ላይ ነው። ሙር የሚሉት ዛፍ የሌለበት፣ ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ፣ አብዛኛው እርጥብ የሆነ ከፍ ያለ ገላጣ ምድር ነው፤ ቶር የሚሉት ደግሞ ኮረብታው አናት ላይ የቆመ የድንጋይ ቋጥኝ። እነዚህን ሁለት ቃላት ያልያዘ አንባቢ ማን ከየት ማንን ማየት እንደሚችል አይገባውም፤ ታሪኩ ግማሹ በማየት ላይ የቆመ ነው። ሆልምስ ምዕራፍ 3 ላይ ካርታ ዘርግቶ የሚያሳየውን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉ። መሀል ላይ የባስከርቪል ቤት፤ አጠገቡ ሞርቲመር የሚኖርባት ግሪምፐን መንደር፤ የጎረቤቶቹ የስቴፕልተኖቹ ሜሪፒት ቤት፤ ሌላው ጎረቤት ፍራንክላንድ ከነቴሌስኮፑ የሚኖርበት ላፍተር ቤት፤ ሃይ ቶርና ፋውልማየር የተባሉ ሁለት የእርሻ ቤቶች። 14 ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የፕሪንስታውን እስር ቤት አለ። ፕሪንስታውንና እስር ቤቱ በእውን ያሉ ናቸው፤ ግሪምፐንና የባስከርቪል ቤት ግን የደራሲው ፈጠራ ናቸውና ጉግል ካርታ ላይ ስትፈልጉ አትድከሙ።

በዚህ ክፍል የጽሑፉ ዓይነት ይቀያየራል፤ ቡድኖች ደግሞ ይህን ሳያስተውሉ ያልፋሉ። እስከ ምዕራፍ 7 ድረስ ዋትሰን ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከትዝታው ይተርካል። ምዕራፍ 8 እና 9 በኦክቶበር 13 እና 15 ሆልምስ ወደሚኖርበት ወደ ቤከር ስትሪት የላካቸው ሪፖርቶች ናቸው። ምዕራፍ 10 የማስታወሻ ደብተሩ ነው፤ ከምዕራፍ 11 ጀምሮ ወደ ትዝታው ይመለሳል። ሪፖርትና ማስታወሻ የሚጽፈው ዋትሰን መጨረሻውን አያውቅም፤ የሚያደንቀውንም የሚጠረጥረውንም በዚያች ሌሊት ስሜቱ ይጽፋል። ትዝታውን የሚጽፈው ዋትሰን ግን መልሱን አውቆ ይደብቀናል። ስለ አንድ ሰው ጠባይ የተነገረው ከየትኛው ዋትሰን እንደሆነ መዝገቡ ላይ ይለይ። የቀረውን ጊዜ ሁለቱ ስብሰባዎች ራሳቸው ይሞሉታል፤ በሌሊት የሚያለቅሰው ድምፅ፣ ሻማው፣ ከእስር ያመለጠው ሰው፣ ኮረብታው ላይ የታየው ሰው። እነዚህ ሁሉ አንድ መልስ አላቸው ብሎ የሚነሳ ቡድን ይሳሳታል። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቁት።

የውሻው አፈ ታሪክ ውይይቱን ሊውጠው ይችላል። «መንፈስ ቢሆንስ?» የሚል ሰው ሲነሳ አታፍኑት፤ ይህን ያለ ሰው ግን እያንዳንዱን ፍንጭ በመንፈስ እንዲያስረዳ ጠይቁት። መንፈስ ከሆቴል አዲስ ጫማ ሰርቆ የሚመልሰው ለምንድን ነው?

አራተኛው ስብሰባ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀትና ፖስታ ይሰጥ። አራት ነገር ይጻፍ፦ ማን፣ ለምን፣ እንዴት፣ እና ሦስት ማስረጃ ከነምዕራፋቸው። ከዚህ በፊት በነበሩት ውይይቶችም ያለ ሁለት ማስረጃ ስም መጥራት ይከልከል፤ «የማይጠረጠረው ሰው ነው የሚሆነው» የሚለው ግምት በዚህ ይቆማል፣ ስለ መጽሐፉ ምንም ሳያውቁ የሚባል ነውና። ለስሙ 1 ነጥብ፣ ለምክንያቱ 3፣ ለዘዴው 2፣ ለትክክለኛ ማስረጃ 1 1 ነጥብ ይያዝ። ስሙ አነስተኛ ነጥብ ያገኘው ተጠርጣሪው ከስምንት ስለማይበልጥ በዕድልም ስለሚገኝ ነው። ምክንያቱ ግን በዚህ መጽሐፍ ከስሙ ይልቅ ከባድ ነው፤ ስሙን ያገኘ ሰው ምክንያቱን ሊስት ይችላል።

ፖስታዎቹ የሚከፈቱት በአምስተኛው ስብሰባ መጀመሪያ ነው፤ ምንም ውይይት ሳይቀድም ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያነብቧቸዋል። ከዚያ በኋላ አምስተኛው ስብሰባ ብዙ ምሪት አይፈልግም። ጉሙ የሚነሳበትን የምዕራፍ 14 ክፍል ብቻ በጋራ፣ ቀስ ተብሎ አንብቡት።

ምዕራፍ 15

አንዳንድ ቡድን ታሪኩ ምዕራፍ 14 ላይ አለቀ ብሎ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለየግል ንባብ ይተወዋል። እንደ ልብ ወለድ ካየነው እርግጥ ከምዕራፎቹ ሁሉ ደካማው ይሄ ነው፤ ሁለት ሰዎች እሳት ዳር ተቀምጠው ያለፈውን ይነጋገራሉ። ለቡድን ግን ወሳኙ ነው፤ መዝገቡ የሚመረመረው እዚህ ነውና።

ሆልምስ የሚጠቅሰው እያንዳንዱ ፍንጭ ከመዝገቡ ይፈለግና ከሦስት ምልክት አንዱ ይደረግበት፦ ተሰጥቶን አየነው፣ ተሰጥቶን አለፍነው፣ አልተሰጠንም። በ1929 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ደራሲ ሮናልድ ኖክስ ለምርመራ ልብ ወለድ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ወዲያውኑ ለአንባቢው ማሳየት አለበት ይላል። ይህ መጽሐፍ ከሕጎቹ በፊት ስለተጻፈ በእነሱ አይከሰስም፤ መለኪያው ግን ጥሩ መለኪያ ነው። የለንደኑ ምዕራፎች አብዛኛው ፍንጭ «ተሰጥቶን አለፍነው» ውስጥ ይገባል፤ ጫማው በተለይ እንደዚያ ነው፣ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ራሱን ይይዛል። የደብዳቤው ወረቀት ግን ሌላ ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ሆልምስ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲያየው እናያለን፤ ባዶ ነው፣ የውሃ ምልክት እንኳ የለውም ብሎ ይጥለዋል። ምዕራፍ 15 ላይ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር አስተውሎ እንደነበር፣ ጥርጣሬውም ከዚያ እንደጀመረ ይነግረናል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ደራሲው አታሎናል የሚል ይኖራል፤ የከዘራውን ጥርስ አስታውሶ፣ ዋትሰን ያላየውን እንደማናይ ከመጀመሪያው ተነግሮናል የሚልም ይኖራል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ወረቀቱን ሲያስጠጋ መታየቱ በቂ ነው፤ «ለምን ያን ያህል አስጠጋው?» ብሎ መዝገቡ ላይ የጻፈ ሰው ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ለመጨረሻው ግማሽ ሰዓት አንድ ነገር አስቀሩ። ዋትሰን ስለ ወንጀለኛው ዕቅድ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ዕቅዱ ቢሳካለት ኖሮ ቀጥሎ ምን ሊያደርግ ነበር? ሆልምስ ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ያምናል፤ የእሱ ሥራ ያለፈውና ያለው እንደሆነ፣ ሰው ወደፊት የሚያደርገውን መናገር እንደሚያስቸግር ይመልሳል። ከዚያ ሦስት የሚሆኑ መንገዶችን ይጠቁማል። ሦስቱን ለሦስት ሰው አከፋፍሉና እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ከምዕራፎቹ በማስረጃ ይከላከል፤ ሌሎቹ ያጥቁት። ከሦስቱ አንዱ በምዕራፍ 3 የዘር ሐረግ ላይ ስለሚሰናከል፣ ያን ዕለት የተሳለው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይዘርጋ።